ስንታየሁ የወንድ ስም ነው?

በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ የስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ ዓርብ ጠዋት፤ ኃላፊው አቶ ደምመላሽና የሴቶች ቤዝቦል ቡድን አምበል ስንታየሁ፤ የነገው የሜዳ ፈቃድ ደብዳቤ በእጇ ነው።

ደምመላሽ፦ ደብዳቤውን መልሺ ብያለሁ!

ስንታየሁ፦ ለምን? ማህተሙ ደበዘዘ?

ደምመላሽ፦ «የቤዝቦል ቡድን አምበል ስንታየሁ ታደለ» ይላል። ወንድ መስለሽኝ ነው የፈረምኩት!

ስንታየሁ፦ ስሙን ያወጣው አባቴ ነው። ስንት እንደማይ ቀድሞ ገብቶት ይሆናል።

ደምመላሽ፦ ቀልዱን ተዪው። ነገ ሜዳው ላይ የወንዶች ልምምድ አለ።

ስንታየሁ፦ ትናንት ሲፈርሙ የነገው ሜዳ ባዶ ነበር። እኔን ሲያዩ ነው የሞላው?

ደምመላሽ፦ ዱላ ይዛችሁ በአደባባይ! ሰው ምን ይላል? እኛ የገናን ጨዋታ ስንጫወት ሴቶች ዳር ቆመው እልል ነበር የሚሉት።

ስንታየሁ፦ እልልታው እኮ ሩሯን በዱላ ስትስቱ እንዳይሰማባችሁ ነው።

ደምመላሽ፦ አንቺ ባለጌ!

ስንታየሁ፦ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።

ደምመላሽ፦ ይሄ ገና አይደለም! የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ ፈረንጆቹም ለወንድ ነው ያወጡት።

ስንታየሁ፦ ማን ነገረዎት? የአሜሪካ ሴቶች ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ለብሰው ተጫውተውታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ሲዘምቱ የሴቶች ሊግ ተቋቁሞ፣ ሕዝቡ ትኬት ቆርጦ ገብቷል። ከጦርነቱ በፊት አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅማ በዘመኑ አሉ የተባሉትን ሁለት መቺዎች ኳስ እየወረወረች አከታትላ አሳተቻቸው። ከዚያ ምን ተባለች መሰለዎት?

ደምመላሽ፦ ምን ተባለች?

ስንታየሁ፦ «ጨዋታው ለሴት ይከብዳል።» አንገታቸውን ደፍተው የወጡት ወንዶቹ፣ የከበዳት እሷ!

ደምመላሽ፦ ብዙ አንብበሻል። ግን ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ! ደብዳቤውን።

ስንታየሁ፦ እሺ። ክልከላውን በጽሑፍ ይስጡኝና ልመልስ።

ደምመላሽ፦ የምን ጽሑፍ? በቃሌ ነገርኩሽ እኮ።

ስንታየሁ፦ በማህተም የተፈቀደ በቃል አይሻርም፤ ይህንንም ከእርስዎ ቢሮ ነው የተማርኩት። ብዕርዎን ያንሱ፣ እኔ ላስጽፍዎ። «አምበሏ ወንድ መስላኝ ሜዳውን ፈቀድኩ፤ ሴት ሆና ስላገኘኋት ከለከልኩ።» ከሥር ስምዎና ፊርማዎ። ግልባጭ፣ ለሴቶች ጉዳይ።

ደምመላሽ፦ ግልባጭ ደግሞ! ሰው እንዲህ ብሎ ይጽፋል?

ስንታየሁ፦ እንዲህስ ያደርጋል?

ደምመላሽ፦ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ስሜን አላኖርም።

ስንታየሁ፦ እንግዲያው ስምዎ ያለው እዚህኛው ፈቃድ ላይ ብቻ ነው።

ደምመላሽ፦ ቆይ! ወዴት ነው?

ስንታየሁ፦ ወደ ልምምድ። በወንድ ያልቅ አላሉም? ይኸው፣ በእርስዎ ፊርማ አለቀ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ከሜዳው አይቅሩ፤ ዳር ቆሞ እልል የሚል ሰው አጥተናል።