ደዌው በማን እግር ሄደ

ወይዘሮ ሱጄን ሁልጊዜ ማለዳ የሸክላ ማሰሮ አቅፈው እስከ ድልድዩ አፍ ይወርዱና ልጅ እንዲይዝላት ለምራታቸው የፈላውን የመድኃኒት አተላ መንገዱ መሀል ይደፉታል። በሰፈሩ ልማድ፣ አላፊ አግዳሚ የረገጠው አተላ ደዌውን በጫማው ይዞት ይሄዳል። ወዴት እንደሚወስደው ጠይቆ የሚያውቅ የለም፤ ይሂድ እንጂ።

አንድ ቀን ማሰሮውን አራግፈው ቀና ሲሉ፣ ከቦዩ ዳር በብስክሌት የመጣች ወጣት አተላው ፊት ፍሬን ይዛ ቆመች። ዶክተር ፓንግ ነበረች። ከሕክምና ኮሌጅ ተመርቃ የአያቷን የመርፌ ሕክምና ቤት፣ ቀጫጭን መርፌ ገላ ላይ እየተሰካ የሚታከምበትን፣ የተረከበች ልጅ ናት፤ የወይዘሮ ሱጄን ምራት ሊንፌይም በየሳምንቱ እሷ ዘንድ ትታከማለች።

«እለፊ እንጂ ልጄ፣ ምን ያስቆምሻል?» አሉ ወይዘሮ ሱጄን፣ እንደ ደግ ሰው።

«እግሬን የት ላሳርፍ ብዬ ነው እማማ። ደህና አደሩ?»

«እግዚሃር ይመስገን። ብትረግጪውማ ጥሩ ነበር። ሐኪም ነሽ፤ ምን ያደርግሻል?»

«እኔም እኮ ገና አላገባሁም፤ ምነው ሳልጀምር ያስቀሩኛል?» ብላ ሳቀች።

ወይዘሮ ሱጄን አልሳቁም። «እንኳን አገኘሁሽ። መርፌሽን ምን ነካው? አያትሽ እኮ በአንድ ወር ያስረግዝ ነበር።»

«ኧረ ቀስ ይበሉ እማማ! አያቴ በሰፈሩ የተከበሩ ሰው ነበሩ።»

«አታሹፊ። መርፌውን ጨምሪ፤ ጠለቅ አድርጊው። የአባቶቻችንን መቃብር የምንጠርግበት በዓል ደርሷል፤ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል። እስከዚያ ካልያዘላት፣ ለወላጆቿ ‹ልጃችሁን ውሰዱ› ልላቸው ቆርጫለሁ።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ሳህን ሲያጥቡ ሲለማመዱት ሰንብተዋል።

ዶክተር ፓንግ ከብስክሌቷ ወረደች። «እማማ፣ መርፌ ሰውን ያረጋጋል፤ የተወጠረውን ያላላል፤ ታካሚዎቼ እንቅልፍ ሲወስዳቸው በዓይኔ አያለሁ። ልጅ ያመጣል ወይ ካሉኝ ግን፣ ያጠኑት ራሳቸው አልተስማሙም። አያቴ ቃል ይሰጡ ነበር፤ እኔ አልሰጥም።»

«ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እጠይቃለሁ። ልጅዎ ተመርምሯል?»

«ጂያሹ? እሱ ምን አጠፋ?» አሉ ማሰሮውን ወደ ደረታቸው እየሳቡ። «ልጄ ሦስት ሳህን ሩዝ ይጨርሳል። የፋብሪካውን የሐር ጥቅል በትከሻው ይዞ ደረጃ ይወጣል። ምን ብሎ ይመረመራል?»

«ሰንጋም እኮ ብርቱ ነው። ይበላል፣ ይጎትታል። ጥጃ ግን የለውም።»

«ልጄን ሰንጋ አልሽው!»

«ስለ ጉልበት ነው የማወራው እማማ። ጉልበት ሌላ፣ ዘር ሌላ። ልጅ የሁለት ሰው ነገር ነው። ሲዘገይ አንዷን ብቻ መርምሮ መተው፣ ከሁለቱ መመገቢያ እንጨቶች በአንዱ ብቻ ሩዝ አነሣለሁ ማለት ነው።»

«በእኛ ዘር ወንድ መካን ሆኖ አያውቅም!»

«ታይቶ ያውቃል?»

ወይዘሮ ሱጄን የማሰሮውን አፍ በመዳፋቸው ጠረጉ። ታይቶ አያውቅም። የጂያሹ አጎት ሦስት ሚስት ፈትተው ያለ ልጅ ማለፋቸው ትዝ አላቸው። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ጥፋቱን ለሦስቱም ሴቶች እኩል አካፍሎ፣ ለአጎትየው ሀዘኑን ብቻ ትቶላቸው ነበር።

በዚህ መሀል ጂያሹ፣ እንደ ልማዱ ረፍዶበት፣ በእንፋሎት የበሰለ ዳቦውን በጥርሱ ነክሶ በብስክሌት እየበረረ መጣ። እናቱን ሲያይ ቆመ፤ ሲቆምም ሁለት እግሮቹን አተላው ውስጥ ተከላቸው።

«እማዬ፣ በጠዋቱ ምንድን ነው ጭቅጭቁ?»

«እግርህን! እግርህን አንሣ!»

«የቱን?»

«ሁለቱንም!»

ሁለቱንም እግር አንሥቶ መቆም ስለማይቻል ጂያሹ ባለበት ቀረ።

«ወንድም ጂያሹ» አለች ዶክተር ፓንግ በትሕትና፣ «ሁልጊዜ በዚህ ነው የምታልፈው?»

«ሌላ ድልድይ የት አለና? ይሄን ጭቃ ደግሞ ማን እንደሚደፋው እንጃ፤ ጫማዬን ጨረሰው» ብሎ ሰዓቱን አየና ወደ ሐር ማቅለሚያ ፋብሪካው ፈረጠጠ። የእግሩ ምልክት አተላው ላይ ቀረ።

ዶክተር ፓንግ ምልክቱን አየች፤ ከዚያ ሴትዮዋን አየች። «እማማ፣ አንዱን ይምረጡልኝ። አተላው ደዌ ያሻግራል ካሉ፣ የምራትዎን ደዌ በየማለዳው ልጅዎ ላይ ሲጭኑ ከርመዋልና ይመርመር። አያሻግርም ካሉ ደግሞ ይሄ ሁሉ አተላ ምንም አልሠራም፤ አሁንም ልጅዎ አልታየምና ይመርመር።»

ከዓሣ ነጋዴ ጋር ተከራክረው ተረትተው የማያውቁት ሴት ከነገሩ መውጫ ፈለጉ። በቀኝ ቢዞሩ ጂያሹ አለ። በግራም ቢዞሩ ጂያሹ አለ። ባዶ ማሰሮአቸውን ይዘው፣ ደህና ዋይ ሳይሉ ወደ ቤት ገቡ።

የዚያኑ ዕለት እራት ላይ፣ ሊንፌይ የመድኃኒቷን ሳህን በመዳፏ ከድና ወደ ጠረጴዛው መሀል ገፋችው። ከሐኪሟ ጋር አልተነጋገረችም፤ ይህ የራሷ ውሳኔ ነበር።

«እማማ፣ መረረኝ ብዬ አላውቅም። ጠጪ ያሉኝን ጠጥቻለሁ። ሆስፒታልም ታይቻለሁ፤ ምንም አላገኙብኝም። ከእንግዲህ ግን ጂያሹ እስኪመረመር አንዲት ጉንጭ አልጠጣም። ወደ ወላጆቼ ይላኩኝ፣ እሄዳለሁ። መካን ተብዬ ግን አልሄድም።»

ጂያሹ መብላቱን አቆመ። «ፋብሪካው ቢሰማስ?»

«ፋብሪካው የእኔን ከሰማ ቆየ» አለች። «አልሞትኩም።»

ጂያሹ፣ እንደ ወትሮው፣ ወደ እናቱ ዞረ። ወይዘሮ ሱጄን በር ላይ የወለቁትን ጫማዎቹን እያዩ ነበር። አተላው ሶላቸው ላይ ደርቋል።

«ይሄዳል» አሉ። «የሚሄደው ግን በአተላው ምክንያት ነው። ይሄ ይታወቅልኝ።»

«ይታወቅልዎታል እማማ» አለች ሊንፌይ።

ሰው ከያዘው ሐሳብ የሚወርደው ደረጃ ሲያገኝ ነው፤ ደረጃው የተሠራበትን እንጨት መመርመር የብልህ ሥራ አይደለም።

የሆስፒታሉ ሐኪም ችግሩን ጂያሹ ላይ አገኘው። ከታች፣ የዘር ፍሬው ላይ ያበጠ የደም ሥር ነው፣ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፣ ልጅ ይመጣል ብዬ ግን አልምልም አለው። ጂያሹ ይህን ለእናቱ የነገራቸው ራሱ ነው፤ ፊቱ ቢቀላም ቃሉን አልዋጠም። ወይዘሮ ሱጄን የዓሣውን ጉንጭ፣ ምርጡን ሥጋ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ለጂያሹ ሲቀመጥ የኖረውን፣ አንሥተው በሊንፌይ ሩዝ ላይ አኖሩት። በዚያ ቤት ከዚህ የሚበልጥ ይቅርታ ተጠይቆ አያውቅም።

በመቃብር ጠረጋው ቀን ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ፤ የሊንፌይ ወላጆችም መጡ። ወይዘሮ ሱጄን ሲለማመዱት የከረሙትን ንግግር አልተነፈሱትም። ሦስት ሚስት የፈቱት አጎት መቃብር ዘንድ ግን ከሌላው ጊዜ ረዘም አድርገው ቆሙ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባልና ሚስቱ አብረው ወደ ዶክተር ፓንግ ይሄዱ ጀመር። ሊንፌይ መርፌው ከመሰካቱ ትተኛለች፤ ጂያሹ በአጎራባቹ አልጋ ገና መርፌው ሳይነካው ይጮሃል። አንድ ቀን ወይዘሮ ሱጄን መጋረጃው ዳር ቆመው በሹክሹክታ ጠየቁ፦

«ልጄ፣ ባይመጣስ?»

«ባይመጣ፣ የማይካሰሱና እንቅልፍ ያላቸው ሁለት ልጆች አሉዎት እማማ። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ ሌላም ሕክምና አለ፤ ወላጅ አልባ ሕፃን ማሳደግም አለ። ጊዜውን በመወቃቀስ ስላልጨረሱት ሁሉንም ተመካክረው ይወስናሉ።»

«እኔስ ምን ልወስን?»

«እርስዎ ሾርባ ይሠራሉ።»

ወይዘሮ ሱጄን አሰቡበት። ሾርባውን የሚችልበት ሌላ ሰው በቤቱ አልነበረም።

ዶክተር ፓንግ ለጂያሹም ማጠንከሪያ ብላ የሚፈላ ሥር አዘዘችለት። በማግስቱ ማለዳ ወይዘሮ ሱጄን ማሰሮአቸውን አቅፈው ወደ ድልድዩ ሲወርዱ ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ቴንግን ጎመን ስታጥብ አገኟት። የእሷም ምራት ልጅ አልያዘላትም፤ የእሷም አተላ በየማለዳው እዚያው ይደፋል።

«ዛሬም የሊንፌይ ነው? ምስኪን!» አለች ወይዘሮ ቴንግ።

አዎ ማለት ይቻል ነበር። አተላ ሁሉ ጥቁር ነው፤ የማን እንደሆነ አይናገርም። ወይዘሮ ሱጄን ግን ለዓሣ ነጋዴው የሚያወጡትን ድምፅ አወጡ።

«የልጄ ነው! የጂያሹ! ምራቴ ምንም የለባትም። እኛ ሳንጠይቅ ፈርደን ስናሳርራት ኖርን። ያንቺስ ልጅ ታይቷል?»

ወይዘሮ ቴንግ ጎመኑ ከእጇ ሊወድቅ ደረሰ። «የኔ? የኔ ልጅ እኮ አራት ሳህን ሩዝ ነው የሚበላው!»

«ሰንጋም ይበላል» አሉ ወይዘሮ ሱጄን፤ የሰው ልጅ የሚያልፍበትን መንገድ ተሻግረውም አተላውን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ አራገፉት።