ከውርጩ በኋላ የጠበቅናቸው አርባ ዛፎች

ክቡራትና ክቡራን፣

እንዲህ ብዬ ስጠራችሁ ታንጉ ከኋላ እየሳቀች ነው። ሳቂ ታንጉ፤ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ «ኧረ ውሃውን ዝጊ!» እያልኩ ስጮህብሽ ኖሬ፣ ዛሬ አንድ ቀን በክብር ልጥራሽ።

ይህን የስንብት ድግስ ስላሰናዳልኝ አለቃችንን ኤያልን አመሰግናለሁ። አባቱ ሃይም፣ ይህን ችግኝ ጣቢያ ያቀናው ሰው፣ ጉልበቱን እያመመው በከዘራ መምጣቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በአማርኛ የምናገረው ብዙዎቻችሁ ስለምትሰሙኝ ነው። ለኤያልና ለአባቱ ናዖሚ ወደ ዕብራይስጥ ትመልስላቸዋለች። ናዖሚ፣ አደራ፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ!

ኤያል «አዲሶቹ ሠራተኞች እንዲማሩ ስለ ክረምት ንገሪያቸው» ብሎኛል። እሺ። ግን እኔ የማውቀውን ያወቅሁት ተሳስቼ ነው።

ከጎንደር ስመጣ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። እዚህ በገባሁ በመጀመሪያው ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ከታንጉ ጋር የቅጠል ክምር ስናነሳ ከሥሩ አንዲት ኤሊ አገኘሁ። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዛለች። አሳዘነችኝ። አቅፌ ወደ ሞቃቱ የላስቲክ ቤት አስገባኋትና ሰላጣ አቀረብኩላት። ነቃች፤ መሄድም ጀመረች። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ሰላጣውን ግን አልቀመሰችም። በሦስተኛው ሳምንት ሞተች።

«ተኝታ ነበር እኮ እናኑ» አለችኝ ታንጉ። «ለምን ቀሰቀስሻት?»

ኤሊ ብርድ ሲመጣ አፈር ውስጥ ትገባለች፤ ደሟም ልቧም ቀስ ይላል። በበጋ ባጠራቀመችው ስብ፣ በትንሽ በትንሹ፣ እስኪሞቅ ትቆያለች። እኔ በማይሆን ጊዜ ቀስቅሼ ስንቋን አስጨረስኳት። አዝኜላት ገደልኳት ማለት ነው።

ሁለተኛው ክረምት ላይ ሃይም ሲሮጥ መጥቶ «ነገ ካራ አለ! ካራ!» አለን። እኔ ደግሞ ማን ሊታረድ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ለካ በዕብራይስጥ ካራ ማለት ውርጭ ነው። ያን ጊዜ ቀላል ነበርና አለፈ። የሦስተኛው ዓመት ካራ ግን እውነትም ካራ ነበር።

ያን ቀን ጧት ኮረብታው ላይ ካለው ቤቴ፣ ከጊቫት ሃሞሬ፣ ስወርድ እላይ ብርድ ብቻ ነው፤ ታች ሜዳው ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል። በለሱና ሮማኑ ምንም አልሆኑም። እነሱ አስቀድመው ቅጠላቸውን አራግፈው፣ የሚቀጥለውን ዓመት ቡቃያ በቅርፊት ሸፍነው ተቀምጠዋል። አቮካዶ ግን ውርጭ ከማያውቅ አገር የመጣ ዛፍ ነው፤ ቅጠሉን አያራግፍም፣ አይዘጋጅም። ቅርንጫፋቸውን እየቆረጥን ችግኝ ላይ የምናዳቅላቸው አርባ እናት ዛፎች በሳምንት ውስጥ እሳት እንደበላቸው ጠቆሩ።

ሃይም ዞሮ አያቸው። ከዚያ «ትራክተሩ ይምጣና ይንቀላቸው፤ ይህን ማሳ እዘጋዋለሁ» አለ። ማሳው ከተዘጋ እኔና ታንጉ ወደ ቤታችን ነን። እኔ ቤት ደግሞ አራት ልጆች አሉ።

አንዱን ግንድ በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት። ከልጡ ሥር አረንጓዴ ነው፤ እርጥብ ነው። ሌላውንም፣ ሌላውንም። ያን ጊዜ ዕብራይስጤ ምን ያህል ነበር? ሕያው ለማለት የማውቀው አንዲት ቃል ናት። ትራክተሩ ፊት ቆሜ «ሃይ! ሃይ!» እያልኩ ጮህኩ።

ሃይም «ስሜን ጨርሺው እንጂ!» አለ። ታንጉ ደግሞ በአማርኛው የተቆጣሁ መስሏት «ኧረ እናኑ፣ አለቃ ሃይ ይባላል?» ብላ በቀሚሴ ጎተተችኝ።

እጁን ይዤ ጣቱን እርጥቡ ላይ አሳረፍኩት። የሌላውንም ዛፍ ልጥ ራሱ ፋቀ። «እስከ ፋሲካ» አለ በመጨረሻ። «ካላቆጠቆጡ አንቺው በእጅሽ ትነቅያቸዋለሽ።»

ያቺን ኤሊ አስቤ ነው ደፍሬ የተናገርኩት። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነበር። የደረቀውን ቅጠል እንኳ አላነሳንም፤ ከሥሩ ያለውን ቅርንጫፍ ከብርድ ይከልላል። የተራቆተውን ግንድ ፀሐይ እንዳይልጠው ኖራ ቀባነው። ውሃ ቀነስን። ከዚያ ወዲያ የሚሠራ ነገር የለም፤ መጠበቅ ነው። ጧት ጧት ሃይም «አሁንስ?» ይለኛል። «ገና» እለዋለሁ። ወር ሄደ፣ ሁለተኛውም ሄደ። ምነው አፌን በያዝኩ ያልኩበት ቀን ብዙ ነው።

ፋሲካ ሊገባ ስምንት ቀን ሲቀረው ታንጉ ጠራችኝ። ከአንዱ ግንድ ታችኛው ክፍል ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቀይ ነገር ወጥታለች። በማግስቱ ሦስት ዛፍ። በበዓሉ ማግስት ሠላሳ አንድ ቆጠርን።

ዘጠኙ ሞቱ። ቃል ቃል ነው ብዬ ዶማዬን አንስቼ መንቀል ጀመርኩ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ከጎኔ የሌላ ዶማ ድምፅ ሰማሁ። ሃይም ነበር። ዘጠኙንም አብረን ነቀልን። ሲያበቃ ላቡን ጠርጎ «ከእንግዲህ ከመንቀሌ በፊት እጠይቅሻለሁ» አለኝ። ጠየቀኝም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ።

ናዖሚ፣ ይህንንም ሳትቀንሺ ተርጉሚው እንጂ። ሃይም ደግሞ አቀርቅሯል። ቀና በል፣ ጌታዬ፤ ክፉ አልተናገርኩብህም።

አዲሶቹ፣ የምላችሁ ይኸው ነው። በጥር የደረቀ የመሰላችሁን ሁሉ አትቁረጡ። በጥፍራችሁ ፈትሹ። ካላወቃችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም፤ አለቃም ይጠይቃል።

ኤያል፣ ቤትህ ይሙላ፤ የአባትህን ዕድሜ ያድልህ። ታንጉ፣ እህቴ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ በይ። ናዖሚ፣ አንደበትሽን ይባርከው። ሃይም፣ እግዚአብሔር ምርኩዝህን ያጽናልህ፣ ሕመምህን ያቅልልህ። ሁላችሁም፣ የተከላችሁት ይጽደቅላችሁ፤ ልጆቻችሁ በጥላው ይቀመጡበት። እኔን እንዳከበራችሁኝ የሚያከብራችሁ አይጥፋ።

አሜን በሉ፣ አሜን። በሉ እንግዲህ፣ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ብሉ።