የዕቃ ቤቱ በርና የእርሳስ መስመሮቹ

ክቡር ርዕሰ መምህር፣ ክቡራትና ክቡራን መምህራን፣ የጽዳት ጓደኞቼ፣ አንተም ወንበር ተሰጥቶህ ቆመህ የምትሰማኝ ጋሼ ዘበኛ፤

አዳራሹን አስጠርጋችሁ፣ ሻይ አፍልታችሁ ለጡረታ ሽኝቴ ስለ ጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ወንበሮቹን እንደ ገባሁ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ አንድም አልጎደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ዕቃ ቤት የሠራች ሴት ግብዣ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው የሰው ፊት ሳይሆን ወንበር ነውና ይቅር በሉኝ።

ንግግሩን ከወረቀት ነው የማነበው። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ይህችን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ልጆቹ ጠመኔ ሊወስዱ መጥተው ስመዘግብ ሲያዩኝ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ሲጽፉ እስክሪብቶው እንቅልፍ ይወስደዋል» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው።

ባለፈው ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው አስጠሩኝ። «እትዬ፣ ለዕቃ ቤቱ የብረት በር ታዟል። የእንጨቱን በር ነቅለን ለእርስዎ ልንሰጥዎት ወስነናል። ከእርስዎ በቀር የሚገባው ሰው የለም» አሉኝ።

እኔ ምን አልኩ? ማመስገን ነበረብኝ። እኔ ግን፣ «ቁልፉስ?» አልኳቸው።

ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ናቸው፤ «ቁልፉንም ጨምረን» አሉኝ። መልሴን ሳልሰጣቸው ወጣሁ። በሩን እወስደዋለሁ ወይስ አልወስደውም? ዛሬ ከመቀመጤ በፊት እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ይህች ሴትዮ ስለ አንድ አሮጌ በር ምን ሆና ነው የምትጨነቀው ለምትሉት አዲስ መምህራን ነገሩን ላስረዳ።

በሩ ባለ ሁለት ተከፋች ነው። ፊቱም ጀርባውም በእርሳስ መስመርና በስም ተሞልቷል። የዛሬ ዐሥራ ስምንት ዓመት የጀመርነው ልማድ ነው። አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል በገባበት ቀን ጀርባውን ለበሩ ይሰጣል፤ እኔ ወንበር ላይ እወጣለሁ፤ ጭንቅላቱ ላይ መጽሐፍ አደርግና አሰምራለሁ። ስሙንና ቀኑን እጽፋለሁ። ስምንተኛ ክፍል ሲጨርስ፣ በዓመቱ መዝጊያ ቀን፣ እዚያው ቦታ ቆሞ ሁለተኛው መስመር ይሰመርለታል። ወላጅ ያጨበጭባል፤ ልጁ ወደ ታችኛው መስመር ጎንበስ ብሎ ያይና «ይቺን ታክል ነበርኩ?» ይላል። ሁሉም ይህንኑ ነው የሚለው። ሌላ ነገር ያለ ልጅ አላጋጠመኝም።

የአንደኛ ክፍል ልጅ ለመለካት ለምን ወንበር ላይ ትወጪያለሽ የሚል ካለ፣ ተነሥቶ አጠገቤ ይቁምና ይየኝ።

የኔም ልጅ እዚህ ነው የተማረችው። አንደኛ ክፍል በገባች ቀን መጽሐፉን ጭንቅላቷ ላይ ሳደርግ ተረከዟን አነሳች።

«ተረከዝሽን መልሺ» አልኳት።

«አንቺስ ወንበር ላይ ቆመሽ የለ እንዴ?»

አንድ ሜትር ከዐሥራ ስምንት። በግራው ተከፋች፣ ከማጠፊያው አጠገብ ነው ያለችው።

አንድ ደንብ ነበረን፤ በመሃል አይለካም። ሲገቡና ሲወጡ ብቻ። ጠመኔ ሊወስድ የተላከው ሁሉ «እትዬ፣ ይለኩኝ» እያለ ሥራ ሲያስፈታኝ ነው ደንቡ የወጣው። ልጄ ግን በየዓመቱ ትመጣ ነበር።

«እማዬ፣ ለኪኝ።»

«አይቻልም፤ ደንብ አለ።»

«የማን ደንብ?»

«የትምህርት ቤቱ።»

ክቡር ርዕሰ መምህር፣ ዋሽቻታለሁ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያጸደቅሁትም እኔ ነኝ፤ ያሳወቅሁትም ለራሴ ነው። የዕቃ ቤቷ ልጅ ስለሆነች ተለካች እንዳይባል ፈርቼ ሰባት ዓመት ሙሉ እምቢ አልኳት። ማን ሊለኝ ነበር? እናንተ? እናንተ እኮ ጠመኔ ስትሰርቁኝ እንኳ ሰላም ብላችሁኝ ነው የምትሰርቁት።

በሽታው መጥቶ ትምህርት ቤቶች ሁሉ በተዘጉበት ዓመት ልጄ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ረዝማ ነበር፤ ክፍሏ ሰንበሌጥ ይላት ነበር። ቁመቷን ከአባቷ ነው የወሰደችው፤ ከኔ የወሰደችው መልስ መስጠቱን ብቻ ነው። ልቧ ከውልደቷ ጀምሮ ደካማ እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ዓመቱ ሊዘጋ ሦስት ወር ሲቀረው ሞተች። ሰው መሰብሰብ ስለ ተከለከለ ዐሥር ሆነን ቀበርናት።

እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ አራት ቀን መጻፍ አቁሜ ነበር። እንለፈው።

በወሩ ሥራ ገባሁ። ልጅ በሌለበት ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ምን ሥራ አለ? ወንበር እደረድር ነበር። ድርድሩ ሲያልቅ መልሼ እበትነውና እንደገና እደረድራለሁ። ጋሼ ዘበኛ በመስኮት ያየኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ምን እያደረግሽ ነው ብሎኝ አያውቅም። እግዜር ይስጥህ።

የመዝጊያው ቀን ሲቃረብ መምህራኑ በስልክ ተሰበሰቡ። ትምህርቱ በስልክ ሆነ፣ ፈተናው በስልክ ሆነ፣ መስመሩ ግን ይቅር ወይ? ርዕሰ መምህሩ፣ «አይቀርም። ወላጆች ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ለክተው ቁጥሩን ይላኩ። እትዬ በሩ ላይ ያሰምራሉ፤ ሁሉም በየቤቱ ሆኖ በስልክ ያያል» አሉ። የሒሳብ መምህራችን ስልኩን ረጅም የመጥረጊያ እንጨት ላይ አስሮ በሩ ፊት አቆመው።

ያን ቀን የሠራሁትን ጥፋት ልናዘዝ።

መጀመሪያ ድምፁ ተዘግቶ ነበር። እኔ የጻፍኩትን ምርቃት ከላይ እስከ ታች አንብቤ ስጨርስ አንዲት እናት፣ «እትዬ፣ ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስ አይተናል፤ አሜን ብለናል» አሉኝ። ቀጥሎ ስልኩን ላስተካክል ብዬ ቀረብኩና አርባ ቤተሰብ ጆሮዬን ሲያይ ቆየ። ቁጥሮቹማ አይነሡ። አንዱ አባት «በሩን ያህላል» ብለው ነው የላኩት። የትኛውን በር? አንዱ ልጅ ደግሞ ሁለት ሜትር ከዐሥራ አራት ሆኖ መጣ።

«ልጅ ነው ወይስ የመብራት ምሰሶ?» ብዬ ጠየቅኩ።

እናቱ ከጀርባው ብቅ ብለው፣ «ጸጉሩን ጨምሬ ነው፤ ጸጉር ቤት ተዘግቶ የለ» አሉ።

ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ቁጥሩን በሩ ላይ የማወርደው በልብስ ሰፊ ሜትር ነበር። ሜትሩ ጫፉ ላይ ያለችው ቆርቆሮ ልብሴን እየያዘች ብታስቸግረኝ ድሮ በመቀስ ቆርጬ ጥያታለሁ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት አንዲት ልጅ ካርዷን ልትወስድ ከአባቷ ጋር መጣችና መስመሯ ሥር ቆመች። ጭንቅላቷ በሦስት ሴንቲ አልፎ ሄደ። አባቷ «ቤት መዋል ተስማምቷታል» ብለው ሳቁ። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስት ሴንቲ። ሦስተኛዋ መጣች፣ ሦስት ሴንቲ። እኔም እውነትም ቤት መዋል ያስረዝማል ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። የሒሳብ መምህሩ ግን ሜትሩን ላየው አለ።

አገላብጦ አየና፣ «እትዬ፣ ይህ ሜትር እኮ ከሦስት ነው የሚጀምረው» አለኝ።

«አዎ፤ ሁልጊዜም ከሦስት ነው የሚጀምረው» አልኩት።

አርባ ልጅ በአንድ ጠዋት አሳጠርኩ። የዚያ ዓመት መስመሮች ሁለት ሁለት የሆኑት ለዚህ ነው፤ የታችኛው የኔ ነው፣ የላይኛው የእውነቱ።

ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ስንት ጊዜ ስቃችሁብኛል። የማታውቁት አንድ ነገር አለ።

የሒሳብ መምህሩ ስም እየጠራ፣ ቁጥር እያነበበ፣ እኔ እያሰመርኩ ስንወርድ የልጄ ስም ደረሰ። ስሟን ከመዝገቡ ያወጣው ሰው አልነበረም። ቀደም ብሎ ጠይቆኛል። «እትዬ፣ ልዝለለው ወይስ ልጥራው?» «ጥራው» ብዬው ነበር። ጠራው። ከስሟ ፊት ለፊት ቁጥር የለም። እኔ እርሳስ ይዤ ወንበር ላይ ቆሜያለሁ።

ከዚያ ከስልኩ ውስጥ አንዷ ልጅ፣ «ከኔ በሁለት ጣት ትበልጣለች» አለች።

«ኧረ በሦስት።»

«አንቺ መቼ አጠገቧ ቆመሽ ታውቂያለሽ? ሰልፍ ላይ ከኋላዋ እኔ ነኝ። ምንም አይታየኝም ነበር እኮ።»

«ጫማዋ ነው እንጂ እኩል ናቸው።»

«ምን እኩል ናቸው ትላለህ፣ ሰንበሌጥን?»

ተከራከሩ። ልክ እረፍት ሰዓት ላይ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ እንደሚከራከሩት። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። ኔትወርክ ሄደ አልኩ። መምህሩ እንደገና ከፍቶ ወላጆችን ይቅርታ ጠየቀና ከሚቀጥለው ስም ጀመረ። በማግስቱም ስልክ ቤት ሄዶ ተጣልቶ መጣ።

የሒሳብ መምህራችን፣ ልጄ፣ የት ነህ? እዚያ ነህ። ኔትወርክ አልሄደም። ስልኩ ላይ ቀዩን የመዝጊያ ምልክት የነካሁት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ኔትወርክ ስትሳደብ ሰምቼ ዝም ብያለሁ፤ ይቅር በለኝ።

ለምን አጠፋሁት? ልጆቹ ሊስማሙ ነበር። ከተስማሙ ማስመር አለብኝ። ሁለተኛው መስመር ደግሞ የመጨረሻው ነው፤ ከሱ በላይ ማንም አይለካም። የልጄን የመጨረሻ በገዛ እጄ ማስመር አቃተኝ። ስለዚህ በሩ ላይ ሁለተኛ ሊኖራቸው ከሚገባው ልጆች መካከል አንድ መስመር ብቻ ያላት እሷ ናት።

እንግዲህ ርዕሰ መምህሩ በሩን እንስጥዎት ሲሉኝ ምን እንደ ሰጡኝ ገብቷችኋል። ሰኞ ቤቴ ገብቼ ግድግዳውን ለካሁ። በአዲስ ሜትር ነው፣ አትሥጉ። ቁም ሳጥኑ ከወጣ የግራው ተከፋች ከአልጋዬ ራስጌ ልክ ይገባል። እህቴ መጥታ አየችኝ።

«ሰው ጡረታ ሲወጣ የእጅ ሰዓት ይሰጠዋል። አንቺ በር ይዘሽ ልትመጪ ነው?»

«አዎ።»

«ቁም ሳጥን አውጥተሽ? ልብስሽን የት ልታደርጊው ነው?»

«በሩ ላይ እሰቅለዋለሁ።»

ቀልዴን አልነበረም። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መስመሯን ላያት ነበር የፈለግኩት። እስከ ትናንት ድረስ የዛሬው ንግግሬ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሪ ጥሩልኝ» የሚል ነበር።

ትናንት ዕቃዬን ስሰበስብ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ጠመኔ ልትወስድ መጣች። ጠመኔውን ከተቀበለች በኋላ አልሄደችም። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቀጥ ብላ ቆመች።

«እትዬ፣ ወደ ላይኛው ስንት ቀረኝ?»

«የትኛው ላይኛው?»

«የኔ።»

«ያንቺ ገና አልተሰመረም እኮ።»

«አውቃለሁ። ስንት ቀረኝ?»

«አምስት ዓመት።»

«በዓመት አይደለም፣ በጣት ይንገሩኝ።»

በዚህ ትምህርት ቤት አሁን ሦስት መቶ ያህል ልጆች አሉ። ሁሉም በሩ ላይ አንድ አንድ መስመር አላቸው፤ ሁሉም ሁለተኛውን ይጠብቃሉ። በሩ ቤቴ ከሄደ ይህች ልጅ አምስት ዓመት ጠብቃ ጀርባዋን ለብረት ልትሰጥ ነው። ባለ አንድ መስመር ልጅ ያላት እናት ምን እንደምትሆን እኔ አውቃለሁ። ሦስት መቶ እናት እንደኔ አላደርግም።

ስለዚህ ክቡር ርዕሰ መምህር፣ በሩን አልወስድም። ስጦታዬ ይሁን ካላችሁኝ፣ ባለበት ተዉልኝ። የብረቱ በር ለመምህራን ሽንት ቤት ይሁን፤ በየቀኑ ያንን በር በእግራችሁ ደግፋችሁ መቀመጣችሁን የማላውቅ መስሏችሁ ነው? ሌባ ይገባል የምትሉ ደግሞ፣ ያንን የተሰባበረ ወንበር ሁሉ የሚወስድልን ሌባ ከተገኘ አሸክመዋለሁ።

የልጄን መስመር አትንኩት። አዝናችሁላትም ሁለተኛ አትጨምሩላት። የት ሄደች ብለው ልጆች ከጠየቁ እውነቱን ንገሯቸው፤ እነሱ ከኛ ይልቅ ይችሉታል።

በኔ ቦታ የምትገቢው አዲሷ ሠራተኛ፣ ቁልፉ ይኸው። ደንቡን ትናንት አፍርሼዋለሁ። ያቺን የሦስተኛ ክፍል ልጅ ለካኋት፤ ከታችኛዋ በዐሥራ አንድ ሴንቲ ከፍ ብላ አዲስ መስመር ታገኛለሽ። ልጅቷ ወሬ መያዝ የምትችል አትመስልም፤ ነገ ጠዋት ደጃፍሽ ላይ ሰልፍ ቢጠብቅሽ የኔ ጥፋት ነው። ሥራ ያስፈቱሻል። ያስፈቱሽ።

ክቡራትና ክቡራን፣ እኔ ጨረስኩ። ጉልበታችሁን ለሥራው፣ ሳቃችሁን ለክፉ ቀን ያቆይላችሁ። የታመመባችሁ ይዳንላችሁ፤ የሄደባችሁም በሰላም ይረፍ። የልጆቻችሁን ሁለተኛ መስመር በዓይናችሁ ለማየት ያብቃችሁ። እስከዚያው ግን፣ «ለኪኝ»፣ «ለካኝ» ሲሏችሁ፣ የያዛችሁትን አስቀምጡና ለኳቸው።