ጋሽ ማስመሪያና ዘጠኙ መስመሮች

ጡረታ የወጣ ሰው ጠዋት ጠዋት በእግሩ መሄድ አለበት ብሎ ሐኪሜ ስላዘዘኝ፣ እኔም የሐኪም ትእዛዝ የምፈራ ሰው ስለሆንኩ፣ በዚያ ረቡዕ ማለዳ ከቤቴ ወጥቼ ወደ አሮጌው የሱቆች መንገድ አቀናሁ። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ በአንድ ወገን ያሉት ሱቆች በሙሉ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎባቸዋል። ባለቤቶቹ ዕቃቸውን ጭነው ሄደዋል፤ በሮቹ ሳይቀሩ ተነቅለዋል። ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ሊፈርስ የተቃረበ ነገር ሳይ ንግግር ንግግር ይለኛል፤ ዳሩ ግን የሚሰማኝ ሰው አልነበረም።

ትንሽ እልፍ እንዳልኩ አንድ ሰው አየሁ። ከሱቆቹ ፊት ለፊት፣ በምትታጠፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሰፊ ጣውላ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ይስላል። ወዳጄ ጋሽ ማስመሪያ ነበር።

ይህን ስም ያወጣንለት የሰፈሩ ሰዎች ነን። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ የግንባታ መሥሪያ ቤት ፕላን ሲነድፍ የኖረ ሰው ነው። ዳቦ ሲቆርጥ እንኳ ቁራሹ እኩል ካልሆነ ይከፋዋል። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሱቋም እዚሁ መንገድ ላይ፣ በቀኝ ጫፍ ያለችው የመጨረሻዋ ክፍል ናት። ከሞተች ዓመት ከሁለት ወር ሆኗል። ሱቋ ከመፍረሷ በፊት መንገዱን በሙሉ ስዬ አስቀምጣለሁ ማለቱን ሰምቼ ነበር።

«እንዴት አደርክ ወዳጄ?» አልኩት።

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን። ብርሃኑን አትጋርደኝ» አለኝ ቀና ሳይል።

ጎን ሆኜ ወረቀቱን አየሁ። አቤት ሥራ! እያንዳንዱ ድንጋይ፣ በድንጋዮቹ መካከል ያለው የሲሚንቶ ስንጥቅ፣ የመብራት ቆጣሪው ሳጥን፣ የውሃ ቧንቧው ከነማቀፊያው፣ ማቀፊያው ከነሚስማሩ፣ አንድም አልቀረም። ይህ ሁሉ ግን በወረቀቱ ግራ ወገን ብቻ ነው። ከመሃል ወደ ቀኝ ወረቀቱ ባዶ ነበር።

«ስንተኛ ቀንህ ነው?»

«አሥራ ዘጠነኛዬ።»

«የባለቤትህ ሱቅስ የታለች?»

«ትደርሳለች። ሥራ ከግራ ወደ ቀኝ ነው።»

«ማፍረስ የሚጀምሩት ዛሬ አይደለም እንዴ?»

«ዛሬ ነው። ታዲያ ምን አለበት? የቤት ቁጥሩ አንድ ብሎ የሚጀምረው ከግራ ነው። እነሱም ከአንድ ቁጥር ጀምረው ሲመጡ አምስት ቀን ይፈጅባቸዋል። እኔ እቀድማቸዋለሁ።»

የቤት አፍራሽ በቤት ቁጥር ተራ ይሄዳል ብሎ የሚያምን ከመሥሪያ ቤት ሰው በቀር ማን አለ? ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት የወንድሙ ልጅ የሻይ ፔርሙዝ ይዛ መጣች። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥዕል የምታስተምር፣ ጨዋና ረጋ ያለች ልጅ ናት። እኔን ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝና ወደ ወረቀቱ ዞረች።

«ጋሼ፣ ዛሬም ድንጋይ ነው?»

«ድንጋይ ነው። ግንብ በምን የሚሠራ መሰለሽ?»

«አንድ ነገር ልናገር? አይቆጡኝም?»

«ብቆጣስ መች ትተዪ!»

«ይህን ሁሉ ድንጋይ ባይስሉት ምን ይጎድላል?»

እርሳሱን አስቀመጠ። ይህ ለእሱ ትልቅ ቁጣ ነው።

«ድንጋዩ ነዋ የሚጎድለው! ስሚ የኔ ልጅ፣ እኛ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሕግ ነበር። ‹ወረቀት ላይ የሌለ፣ መሬት ላይ የለም› ይላል። እኔ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት የአንድ መጋዘን ፕላን ስገለብጥ በጓሮው በር በኩል አንድ ደረጃ ዘለልኩ። አንዲት ደረጃ! ግንበኛው ወረቀቱን አምኖ ያለ ደረጃዋ ሠራው። በሳምንቱ አንድ ተሸካሚ ከነጆንያው ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ ሄዶ አያውቅም። መንገድ ላይ ባየሁት ቁጥር ወደ ሌላ እዞር ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም መስመር አልተውኩም፤ አልተውምም።»

ይህን ታሪክ በአርባ ዓመት ጉርብትናችን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሰውን በጠባዩ ስንስቅበት ጠባዩ ከየት እንደመጣ አንጠይቅም፤ በራሴ አፈርኩ።

 ልጅቱ ሻይ ቀድታ ለሁለታችንም ሰጠችንና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ጋሼ፣ ያ ፕላን ነበር። ፕላን ለሚሠራ ሰው ነው። ይሄኛው ለሚናፍቅ ሰው ነው። ግንበኛ ሁሉም ይነገረው፤ ካልተነገረው ሰው ይሰበራል። ከእርስዎ ሥዕል ላይ ግን ማንም አይወድቅም።»

«ታዲያ እንደናንተ ጫር ጫር አድርጌ ልሂድ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!»

«መቸኮል አላልኩም። እኔ ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማስተምረው መሳል አይደለም፤ ማየት ነው። አሥር ደቂቃ አይቶ ሁለት ደቂቃ መሳል። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባል የለ? የእርስዎ ዓይን አይቷል፤ ልብዎ ግን አልፈረደም። ለሚስማሩም ለበሩም እኩል ነው የሰጡት።»

«ፍርድ ማለት እኩል ማየት ነው።»

«እሱማ ስልኬም እኩል ያያል። መንገዱን በሙሉ ፎቶ አንስቼ ሰጥቼዎት አልነበር? ለምን አልበቃዎትም?»

 «ሁሉ ነገር አለበት» አለ ጋሽ ማስመሪያ። «የቆሻሻ በርሜሉ ሳይቀር። እሷ ግን የለችበትም።»

«እርስዎም እንደ ስልኩ ሁሉን ልያዝ አሉ። እትዬ ሱቋ ውስጥ ቀሚስ ስትቆርጥ ጣቃውን በሙሉ ቀሚስ አድርጋው ታውቃለች? ማታ ወለሉን ስንጠርግ ቁርጥራጩ ስንት ቅርጫት ነበር? ቀሚሱ ልክ የሚሆነው ያ ወለል ላይ ስለቀረ አይደለም እንዴ?»

እኔ በልቤ አጨበጨብኩ። እሱ ግን ፊቱን አጨማደደ። «ጨርቅ ሌላ፣ ግንብ ሌላ» ብሎ እርሳሱን አነሳና ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። ሰው በክርክር የሚረታ ቢሆን ኖሮ እኔ ስንቱን በረታሁ።

ይህን ጊዜ የአፍራሽ ሠራተኞቹ ፎርማን መጣ። ቆቡን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ በትሕትና እጅ ነሳ።

«አባቴ፣ ከዚህ ቢነሱልኝ። አቧራው ይጎዳዎታል» አለና ሥዕሉን ሲያይ ጎንበስ አለ። «አቤት ልፋት! የቱ ግንብ ነው ይሄ?»

«የቱ ግንብ? ይኸው ፊት ለፊትህ ያለው ነዋ!»

ፎርማኑ ወደ ግንቡ ዞረ፤ ወደ ወረቀቱ ዞረ፤ እንደገና ወደ ግንቡ ዞረ። «እንግዲህ እርስዎ ካሉ» አለ። ጋሽ ማስመሪያ በዚህ ቃል ምን ያህል እንደቆሰለ ከከንፈሩ አየሁ።

«ከአንድ ቁጥር አይደለም የምትጀምሩት?» አልኩት እኔ።

«የለም፣ ከወዲያ ጫፍ ነው። ዶዘሩ በዚያ በኩል ካልሆነ አይገባም። ሹፌሩ ሻዩን ጠጥቶ ሲመጣ እንጀምራለን።»

ወዲያ ጫፍ ማለት የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ነው። ጋሽ ማስመሪያ ወረቀቱን አየ፤ ነጩን ወገን። አሥራ ዘጠኝ ቀን የሌሎችን ሰዎች ድንጋይ ሲቆጥር ከርሞ የራሱን በር አልደረሰበትም።  አዘንኩለት፤ እንደዚያ ቀን ለሰው አዝኜ አላውቅም።

ልጅቱ ወንበሩን አነሳች፣ እኔ ጣውላውን ተሸከምኩ፣ ሦስታችንም ወደ ቀኝ ጫፍ ተጣደፍን። ደጃፉ ፊት ለፊት አስቀመጥነው። ወዲያው አዲስ ወረቀት ወጥሮ፣ ማስመሪያውን አስተካክሎ፣ የታችኛውን ድንጋይ መሳል ጀመረ።

«ይተዉት ጋሼ።»

«መሠረቱን?»

«ይተዉት።»

«ቆጣሪውንስ?»

«እሱንም። ዓይንዎን ጨፈን ያድርጉት። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ እንደሚያንቀላፋ ሰው።»

«እኔ በዚህ የዓይን ሞራ ሳልጨፍንም ግማሹን ነው የማየው» አለ። ቀልድ ነበር፤ የሳቀ ግን የለም። ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

«ምን ቀረ?»

«የበሩ ጥቁረት። ከላይ ያዘመመው የጥላ ሸራ።» በእርሳሱ ወደ በሩ ግርጌ አመለከተ። «ደፉ።»

«እነዚያን ብቻ ይሳሉ። ትልቁን ቅርጽ መጀመሪያ። ጥቁር አንድ ቦታ ብቻ ይሁን። የቀረውን ወረቀቱ ራሱ ይናገራል።»

ቀጭኑን እርሳስ ከእጁ ወስዳ የራሷን ወፍራም እርሳስ ሰጠችው። ሸራውን አዘመመ። የበሩን ሁለት መቃን አቆመ። እርሳሱን አጋድሞ የበሩን ውስጥ አጠቆረ። ደፉ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ማስመሪያውን አስደግፎ ሊያሰምር ሲል እጁ ቆመ።

ደፉ ቀጥ ያለ አልነበረም። ስንት ዘመን ደንበኛ ሲረግጠው መሃሉ ጎድጉዶ ነበር።

«ይሄን ደፍ» አለ ሳይዞር፣ «ከሷ ጋር ስንት ጊዜ ተጣላንበት! አንድ ቀን ሲሚንቶ በጥብጬ፣ ማስመሪያዬን ይዤ ላስተካክለው መጣሁ። ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ‹ተው አንተ› አለችኝ። ‹ሰው ረግጦ የሠራውን አታስተካክል› አለችኝ። እኔም ተናድጄ ሲሚንቶውን ደፋሁት።»

ማስመሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። በባዶ እጁ ያቺን ጉድጓድ ሳላት። መስመሯ ቀጥ አለማለቷም አላበላሻትም፤ ደፉ ራሱ እንደዚያው ነበርና። ከበሩ ጥቁረት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ትከሻ የሚመስል አንድ ጎባጣ መስመር ጨመረ። ዘጠኝ መስመር ሆነ፤ ቆጥሬያለሁ። ከዚያ እርሳሱ ወደ ድንጋዮቹ ሄደ፣ ወረቀቱን ሊነካ ሲል ቆመ፣ ተመለሰም።

«ተው አንተ» አለ ለራሱ። እንባው ወረደ፤ አልጠረገውም።

ፎርማኑ ሊያስነሳን መጥቶ ከኋላችን ቆሞ ኖሯል። «እንዴ! የልብስ ሰፊዋ!» አለ። «ሱሪዬን እዚህ ነበር የማሳጥረው። እንዲህ ጎንበስ ብላ ነበር የምትሠራው። ሞተች እንዴ?»

 ጋሽ ማስመሪያ ተነስቶ እጁን ጨበጠው። የአሥራ ዘጠኙን ቀን ግንብ ይህ ሰው ፊቱ ቆሞ አላወቀውም፤ ዘጠኙን መስመር ግን ሳይነግሩት አወቀ። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። ዶዘሩ ሲመጣ ወንበራችንን ይዘን ሄድን፤ ከኋላችን ግንቡ ሲናድ ተሰማ። እሱ ግን ዞሮ አላየም።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ማስመሪያ ሌላ ሰው ሆኗል። ኪስ በምትገባ ደብተርና በአንድ ወፍራም እርሳስ ከተማውን ይዞራል። የሰፈሩ ሰዎች በራቸው ሊፈርስ ሲል ይጠሩታል፤ በአንድ ጠዋት ሦስት አራት ይስልላቸዋል። መጀመሪያ «ከቤትህ ምን ትዝ ይልሃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ የነገሩትን ይስላል፣ ያልነገሩትን ይተዋል። አንገቱን ያጎበጠው ጣውላ ቀርቶለታል። ሞራ የጋረደው ዓይኑም ለዚህ ሥራ አላነሰውም፤ እንዲያውም መጨፈን አያስፈልገኝም እያለ ይኮራበታል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ያ ተሸካሚ በሕይወት አለ፤ ጋሽ ማስመሪያ ባለፈው ወር ቤቱ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀው፤ የሰውየውንም ቤት በር ስሎ ሰጠው። ሁሉን እኩል የሚሸከም ሰው ዋናውን የሚይዝበት እጅ እንደማይተርፈው ከወዳጄ ተማርኩ። አንባቢዬም እርሳስ ባይዝ እንኳ፣ በንግግሩም ሆነ በኑሮው ይህን ቢሞክረው ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

ዘጠኙ መስመሮች ዛሬ አልጋው ፊት ለፊት ተሰቅለዋል። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ሳያቸው፣ አስተማሪነት አይለቅምና፣ ግርጌው ላይ ስሟን፣ የተወለደችበትንና የሞተችበትን ዓመት፣ የመንገዱንም አጭር ታሪክ ቢጽፍበት ለትውልድ እንደሚጠቅም አስረዳሁት። ብዙ ተናገርኩ። እሱ ሥዕሉን እያየ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ተው አንተ» አለኝ።

ተውኩ።