ያልሞላው ሦስተኛ ዓመት

ክቡራትና ክቡራን፣ ዳይሬክተር ቦንግ፣ የዓሣ ምርምር ጣቢያችን ባልደረቦች፣ ከወደብ የመጣችሁ የጀልባ ሰዎች፤ ጡረታ ስወጣ ሥራችሁን ትታችሁ ልትሸኙኝ ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። የተጠበሰው ጆጊ ዓሣ ግሩም ነው ይላሉ። እኔ አልቀመስኩትም።

ሃያ ስድስት ዓመት ምን ስሠራ ኖርኩ? የጆጊን ጭንቅላት ከፍቼ የጆሮውን ድንጋይ አወጣለሁ፤ በየዓመቱ አንድ የሚጨምረውን ቀለበቱን በማይክሮስኮፕ ቆጥሬ ዕድሜውን እጽፋለሁ። ባለቤቴ "የእኔን ልደት ትረሳለህ፣ የዓሣውን ግን አትረሳም" ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው።

ባለፈው ሰኔ መንግሥት የዕድሜ አቆጣጠራችንን ቀየረ። በአገራችን ልማድ ሕፃን ገና ሲወለድ አንድ ዓመቱ ነው ይባል ነበር፤ ያ ቀረ። ምራቴ ደውላ "አባባ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ አንድ ዓመት ቀነሰልዎ" አለችኝ። ሳቅሁ። በማግስቱ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብዬ "አንድ" ስል እጄ ቆመ። ለካ አንድ ብዬ የምጀምረው ከድንጋዩ መሐል ካለችው ነጥብ፣ ዓሣው ከተፈለፈለበት ቀን ነው። ዓሣውን እንደኛ እንደ ሰዎቹ ስቆጥረው ኖሬያለሁ። ሦስት ያልኩት ሁሉ ሁለት ነው።

ጆጊ እዚህ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ዕንቁላል አይጥልም። የዛሬ አምስት ዓመት "ሦስት ሞላቸው፣ የተዘጋው ባሕረ ሰላጤ ለአጥማጆች ይከፈት" ያልኩት እኔ ነኝ። ተከፈተ። ከዚያ በኋላ መረቡ ባዶውን ይወጣ ጀመር። እዚያ ጥግ የተቀመጡት ጋሼ ቹ "ዓሣው የት ገባ?" ብለው ጠየቁኝ። "ባሕሩ ሞቆ ነው" አልኳቸው። ያኔ አምኜበት ነበር። ከሰኔ ወዲህ ግን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ስድስት ወር ሙሉ።

ምን ተሰማህ ብትሉኝ፣ ምንም። ላለቅስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ጥርስ ሐኪም ያደነዘዘው ድድ እንደሚሆነው ነው የሆንኩት።

መጋቢት ላይ ባሕረ ሰላጤው እንደገና ሊከፈት ነው፤ አሁንም በእኔ ቁጥር። ጋሼ ቹ ቅድም በር ላይ "ጀልባዬን ቀለም ቀባኋት እኮ፣ አንተን አምኜ" አሉኝ።

ጋሼ፣ ለማጥመድ አይውጡ። ዳይሬክተር፣ አይክፈቱት። እዚያ ያሉት ዓሦች ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። ደብተሮቼን በሙሉ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ላይ አንድ ይቀነስ።

ጋሼ ቹ ብርጭቆዎን ሲያስቀምጡ አይቻለሁ። ይቀየሙኝ፤ ይገባዎታል።

እንግዲህ ጤና አይለያችሁ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። እኔን ዕድሜ ይስጥህ ብላችሁ ልትመርቁኝ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከዚያ ላይ አንዷን ዓመት ለዓሦቹ ስጡልኝ።