በሽቦ የታሰረው ቲማቲም

— ሄሎ... አቤት... ማን ልበል?... አናጢው ነህ እንዴ? ምነው ድምፅህ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የምታወራ ትመስላለህ... ቆይ፣ አልሰማህም። — አንቺ ልጅ፣ ያንን ራዲዮ ቀንሺልኝ፣ ጎረቤታችን አናጢው ነው። — እሺ፣ ቀጥል።

— የሚስትህ ቲማቲም?... ጠወለገ። ሁሉም?... ከላይ ጀምሮ። እሷ ሆስፒታል ከገባች ወዲህ የምታጠጣው አንተ ነህ አይደል?... ጠዋትም ማታም። አይ አንተ፣ ዳክዬ ልታረባበት ነው?... እሺ፣ አልቀልድም።

— እስቲ ጣትህን አፈሩ ውስጥ ክተት... እርጥብ ነው። እንግዲያው ውሃ አልጠማውም። ቅጠሉን ገልብጠህ እየው፣ ትል አለ?... ተባይስ?... ንጹህ። ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... ከታች በኩል ያለው ቅርንጫፍስ?... ላዩ ደርቆ ታችኛው አረንጓዴ?

— አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከእንጨቱ ጋር በምንድን ነው ያሰርከው?... እሷማ በአሮጌ ቀሚሷ ብጣሽ ነበር ያሰረችው፣ ላላ አድርጋ። እንጨቱን የያዝኩላት እኔ ነኝ... ፈታኸው። ለምን?... ያስጠላል ብለህ። እና?... በሽቦ... በፒንሳ አጠበቅከው... ስንት ዙር?... ሦስት።

— የለም፣ አልተቆጣሁም። አናጢ ነህ፣ የሚነቃነቅ ነገር አትወድም። ግን ወንድሜ፣ ይሄ የበር መቃን አይደለም፣ ግንዱ ይወፍራል። ሲወፍር ሽቦው አንቆ ያዘው... አሁን ብትፈታውም የላዩ አይመለስም። አልዋሽህም።

— ከእኔ ጓሮ ነቅለን ብንተክልበትስ?... ልክ ነህ፣ ታውቀዋለች። ቅጠሉን ቆጥራ ነው የሄደችው። ግን ምን አስቸኮለህ፣ እሷ እስክትመጣ... ነገ? ነገ ነው የምትወጣው? እሰይ፣ ታዲያ ይሄን አታስቀድምም... ምን?... ሐኪሙ ራሱ ነው ያለው?... እኛ ከዚህ በላይ የምናደርግላት የለም፣ ቤቷ ትሁን አለህ...

— ... አለሁ። አልዘጋሁም... እሷስ ታውቃለች?... ታውቃለች። እና ከሁሉ በፊት ደጅ አውጥተህ ቲማቲሜን አሳየኝ አለችህ።

— ስማኝ፣ እንዳትነቅለው። ባዶ መሬት ልታሳያት ነው?... ከሽቦው በታች ያለውን ቅርንጫፍ ደህና አድርገህ እየው። ፍሬ ይዟል?... አንድ። ጠጠር የምታክል... ፍሬዋ ስትቀላ ሚስትህ ለማየት መድረሷን እኔ እንጃ። እኔም ትደርሳለች ብዬ አላጽናናህም። ብቻ ወንበሯን እዚያው አጠገቡ አውጣላት።

— ስትጠይቅህማ እውነቱን ነው የምትነግራት። ጨርቅሽ አላምር ብሎኝ በሽቦ ጠፍሬ ገደልኩት በላት... አትቆጣም። ያቺን አንድ እግሯ ያጠረ ጠረጴዛህን ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያነቃነቀች ስትስቅብህ አልኖረችም?... ሃያ ስድስት ዓመት። ነገም ትሳቅብህ። ያቺን ሳቅ እንኳ አትንፈጋት።

— አልቅስ፣ እዚሁ ነኝ... አይዞህ... እሺ። አሁን መጣሁ። ፒንሳውን ይዘህ ጠብቀኝ፣ ግን ብቻህን እንዳትነካው፣ የቀረችውንም ትቀጥፋታለህ... እሺ። በል ዝጋው፣ እኔ ከአንተ በፊት አልዘጋም።

— ...

— አንቺ ልጅ፣ ያ ያረጀው አንሶላ የት ነው ያለው? ቅደጂልኝ፣ በቀጭን በቀጭኑ... አይ፣ ገመድ አይሆንም። ለስለስ ያለ ይሁን።