ኪስ ውስጥ ያለ ጥቆማ

አቶ ወልደጻድቅ ሲኒማ ቤት የገቡት ፊልም ወደው አይደለም፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ዐሥር ሰዓት ይመለሱ ስለተባሉ ነው። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት ነው፤ አዋሳም እንደሌላው አገር ሰው በጥቆማ የሚጠፋባት ከተማ ሆናለች። በኮታቸው የውስጥ ኪስ አንድ ወረቀት አለ፦ «ኩማ የተባለው መካኒክ በየረቡዑ ቤቱ ውስጥ ሕቡዕ ስብሰባ ያካሂዳል።» ስብሰባው የጴንጤዎች ጸሎት መሆኑን አሳምረው ያውቃሉ። የኩማ ጥፋት ልጃቸውን ሮማንን መውደዱ ነው። ሁለቴ ሽማግሌ ቢልክም፣ «የመንዝ አጥንት ለመናፍቅ አይሰጥም» ብለው ሁለቴ መልሰዋል። ልጅቱ ግን አልተወችውም።

ምነው ሲኒማውን ባላዩት። በሕንዱ ፊልም ውስጥ አንድ ባለጸጋ የሴት ልጁን ወዳጅ በሐሰት ያሳስረዋል፤ ሰውየው ከዓመታት በኋላ ተፈትቶ ቂሙን ይወጣል። ሲያልቅ የአቶ ወልደጻድቅ ሸሚዝ ጀርባቸው ላይ ተጣብቆ ነበር።

በሩ ላይ ከጎረቤታቸው ልጅ ከአስተማሪዋ ከትዕግሥት ጋር ተገጣጠሙ።

«እንደምን ዋሉ አባባ? ፊልሙን ወደዱት?»

«ምኑ ይወደዳል? ያ አባት ግን አባት ነው፤ ዘሩን ጠበቀ። ጥፋቱ ሰውየውን በሕይወት መተዉ ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔን ያስፈራኝ በቀለኛው አይደለም። ልጅቱ የአባቷን ሥራ ስታውቅ ያየችው አስተያየት ነው።»

እሳቸውም የፈሩት እዚያው ላይ ነበር፤ ግን ሽማግሌ ይህን በልጅ ፊት መች ያምናል? ጎን ለጎን ወደ ቀበሌው አቅጣጫ መራመድ ጀመሩ።

«እናንተ የተማራችሁት ወግ ልታጠፉ ነው» አሉ። «እምነቱ ከማይገጥም ተጋብቶ ልጅ በምን ክርስትና ይነሣል? እድርተኛውስ ምን ይለኛል?»

«ወጉማ ይከበር አባባ። ወጉ ግን ሽማግሌ ሰምቶ እሺ ወይም እምቢ ማለት ነው። ያልወደዱትን አማች ለጠመንጃ መስጠት የየትኛው አባታችን ወግ ነው?»

«እኔ ማንን ሰጠሁ?» እጃቸው ሳያስቡት ኪሳቸውን ጫን አደረገ። ትዕግሥት አየች። ፊቷ ተለወጠ፤ ግራ ቀኙን ቃኝታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሮማን ረቡዕ ረቡዕ የት ነው የምትውለው?»

«አንቺው ዘንድ፣ ልታጠና።»

«እኔ ዘንድ አጥንታ አታውቅም።»

ረቡዕ የኩማ ቤት ጸሎት ቀን ነው። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅም የሚባለው ለካ ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

«ቤት የሚከብቡ ሰዎች» አለች ትዕግሥት፣ «ማን ተጽፏል፣ ማን አልተጻፈም ብለው አይለዩም።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ለእርስዎ ብቻ። ከፈለጉ ጥቆማው ላይ እኔንም ይጨምሩኝ።»

ሳያውቁት ቀበሌው በር ደርሰዋል። ትዕግሥት እልፍ ብላ ሄደች። ጠመንጃ የያዘው ጠባቂ አወቃቸው። «አባት፣ ጓድ ሊቀ መንበር መጥተዋል። ጉዳይዎ ምን ነበር?»

ወረቀቱ ደረታቸው ላይ እንደ ፍም አቃጠላቸው። «የስኳር ራሽን ነው» አሉ።

«ለስኳር ነው ሊቀ መንበሩን የሚፈልጉት? ስኳር ሰኞ ነው።»

«እርጅና ነው ልጄ፣ ቀን ተምታታብኝ።»

ወረቀቱን መንገድ ላይ መጣል ያስፈራል። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ድረስ ወርደው አንዲት ዓሣ ጠባሽ ዞር ስትል እሳቷ ውስጥ ከተቱት፤ አመድ እስኪሆንም ቆመው ጠበቁ።

ቤት ገብተው ሮማንን ጠሯት። «ለኩማ ንገሪው፤ ሽማግሌዎቹን ይላክ። አሁን አልመልሳቸውም።»

ደስ ይላታል ብለው ነበር። እሷ ግን ወደ ግድግዳው አፈገፈገች። «አባዬ፣ ምን ሰምተው ነው? በሽማግሌ አሳበው ሊያስይዙት ነው?»

አቶ ወልደጻድቅ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ልጃቸው ሊቀ መንበሩን የምትፈራውን ያህል እሳቸውንም ስትፈራ መኖሯን ያን ጊዜ አወቁ። ጽፈው የነበረውን አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት፤ አለቀሱም።

«ብፈቅድልሽ ኖሮ አትዋሽኝም ነበር» አሉ። «ባትዋሽኝ ደግሞ የት እንዳለሽ አውቄ በሰላም አድር ነበር። ውጭ የሚፈራ ሞልቶልናል ልጄ፤ ቤት ውስጥ እኔን አትፍሪ።»

ሮማን አጠገባቸው ተቀምጣ ረቡዕ የት እንደምትሄድ፣ ከማን ጋር እንደምትጸልይ ነገረቻቸው። እስክትጨርስ አላቋረጧትም።